«እንደ» የተከለከለበት ክፍል

አሰላ ላይ ጉም ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው የሆስፒታሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹ ይጠፋሉ፣ ቀጥሎ የግቢው በር፤ በመጨረሻ እኔ አጠገቡ የምቀመጥበት መስኮት ነጭ ይሆንና ዓለም በሙሉ አንዲት ክፍል ብቻ ታክላለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጬ የሰው ሕመም ጻፍኩ። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው የሠራሁበት ሳይሆን ያለምኩት ቦታ ይመስለኛል።

ታይፒስት ነበርኩ። ሥራ ስጀምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በጊዜው ለፍርድ ቤት፣ ለመሥሪያ ቤትና ለገበሬ ማኅበር የሚላክ የሕክምና ማስረጃ በአማርኛ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት መሄድ ነበረበት። ማስረጃውን የሚሰጠው ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የእጅ ጽሑፉን ራሱም መልሶ ማንበብ ስለሚቸግረው፣ ከቤቱ ባመጣት ትንሽ ቴፕ ላይ ይናገርና ካሴቱን ከሰዓት በኋላ ይልክልኛል። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እያዳመጥኩ እጽፋለሁ።

ካሴቱ ውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ብቻውን አይመጣም። ከጀርባው የሚስል ሰው አለ፣ የሚንቋቋ ወንበር አለ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ። ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ የሚመልሰው የቁስል አጣቢው፣ የድሬሰሩ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ አለ። አንዳንዴ ጠዋት የዘነበውን ዝናብ ከሰዓት በኋላ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ በመስኮቱ ደግሞ ፀሐይ እያየሁ እጽፋለሁ። የትኛው ሰዓት ላይ እንዳለሁ ይጠፋኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚቆጣጠሩት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው። በስብሰባ ላይ «ጓድ» እንላቸዋለን፤ በሥራ ቦታ ግን «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ኮታቸው ሥር ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ሹራብ አለ። የደረት ኪሳቸው ውስጥ ቀይ እርሳስና አጭር የእንጨት ማስመሪያ አይጠፋም። ጮኸው ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ የሚሰማው ቀስ ያለ ድምፅ ግን ከቁጣ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ደንቦቻቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። በእጃቸው፣ በጥቁር ቀለም፣ ፊደሎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው። የጀመርኩ ቀን ሃያ ሦስት ነበሩ። አንዱ ወረቀት ሲሞላ ከሥሩ ሌላ ይለጠፋል፤ በሦስተኛው ዓመት ከመስኮቱ ደፍ ደርሰው ነበር። ከግራ የሚተወው ባዶ ቦታ በማስመሪያ ይለካል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥራ ሁለት ቃል አይበልጥም። የተፋቀ ወይም የተደረበ ፊደል ያለበት ወረቀት አይፈረምም፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ዋናውም ሁለቱም ቅጂዎች ተቀደው ከአናቱ ይጀመራል። «ሕመም» በሐመሩ ሐ፣ «ሥጋ» በንጉሡ ሠ። «ምናልባት» አይጻፍም። «ይመስላል» አይጻፍም። የኦሮምኛ ቃል አይገባም። ሕመምተኛው የተናገረው አይጻፍም፤ ሐኪሙ መርምሮ ያገኘው ብቻ ይጻፋል። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ከላይ ሦስተኛው ነበር፦ «‹እንደ› የሚል ቃል በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሕመምተኛዋ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና ትምጣ» ብዬ ጽፌ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ቀዩ እርሳስ አንዷን ቃል ከቧታል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ‹እንደገና› ነው» አልኳቸው።

«አየሁት።»

«አንዱን ነገር ከሌላው አላመሳሰልኩም።»

«‹ዳግመኛ› በዪ» አሉኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ያን ቀን ዳግመኛ ጻፍኩት፤ ሦስቱንም ወረቀት።

ችግሩ፣ ካሴቱ በ«እንደ» የተሞላ መሆኑ ነው። ከደጋው የሚወርዱት ሰዎች ሕመማቸውን በሌላ መንገድ አይናገሩም። አንዱ ሆዱ እንደ ወፍጮ እየዞረ ያድራል። ሌላዋ ጉልበቷ እንደ እርጥብ እንጨት ሳይነድ ይጨሳል። ከሮቤ የመጣ አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን «እንደ በግ በበር ሽንቁር ታልፋለች» ብሎ ነበር። ወጣቱ ሐኪም እነዚህን ቃላት ይወዳቸዋል። ድሬሰሩ ሲተረጉምለት ደግሞ ደጋግሞ ይላቸዋል፣ ቴፑ ላይ ይቀዳቸዋል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይኼ ለእኔ ነው፤ አትጻፊው» ይለኛል። እኔም አልጽፈውም። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው «የሆድ ሕመም አለ»፣ «የጉልበት ሕመም አለ»፣ «የመተንፈስ ችግር አለ» ነው። ወፍጮው፣ እንጨቱና በጉ ጆሮዬ ውስጥ ይቀራሉ።

የመጀመሪያውን ዓመት በየሳምንቱ አለቅስ ነበር። ቀስ በቀስ ግን መላ አበጀሁ። ካሴቱን ሳልጽፍ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን በአፌ እያልኩ ቃላቱን በጣቶቼ አንጓ እቆጥራለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄን እጨብጣለሁ። የተከለከሉትን ቃላት በዜማ አድርጌ በቃሌ ያዝኳቸው። ከጊዜ ብዛት ደንቡ ቤት ድረስ ይከተለኝ ጀመር። እናቴ «ራትሽን በላሽ?» ስትለኝ «ራት ተበልቷል። ጥጋብ አለ» ብዬ መለስኩላት። ትክ ብላ አየችኝና «ምን አደረጉብኝ ልጄን?» አለች።

ከመላዎቹ ሁሉ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነበር። የጽሕፈት መኪናዬ ጎን ላይ ሦስት ነጥብ ያላት ትንሽ ማንሻ አለች። ሰማያዊው ነጥብ ላይ ስትሆን ጥቁር ትጽፋለች፣ ቀዩ ላይ ቀይ። ነጩ ላይ ስትሆን ግን ቀለም የያዘው ጥብጣብ፣ ሪባኑ፣ ወደ ታች ይወርድና ፊደሉ ባዶውን ወረቀት ይመታል፤ በሰም ወረቀት ለሚባዛ ጽሑፍ፣ ለስቴንስል ሥራ የተሠራ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀለም የለም። በጣት ሲዳሰስ ብቻ የሚታወቅ ጠባሳ ይቀራል። አንድ ቀን በተበላሸ ወረቀት ላይ ማንሻዋን ነጩ ላይ አድርጌ «ትንፋሼ እንደ በግ በበር ሽንቁር ታልፋለች» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ነጭ ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት ግን የሽማግሌው ቃል ቁጭ ብሏል። ልቤ ቀለል አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ለመጣል በተቀመጠ ወረቀት ላይ፣ የዕለቱን «እንደ»ዎች በነጭ ላይ በነጭ እጽፍና ቅርጫት ውስጥ እጥላቸዋለሁ። የሚያያቸው የለም፤ የሚከለክላቸውም የለም።

በዚህ ዓይነት ደህና ሆኜ ኖርኩ፤ መንደር ምሥረታው እስኪመጣ ድረስ።

በዚያ ዓመት በደጋው ሁሉ ሰዎች ቤታቸውን እየነቀሉ በአንድ ቦታ በመደዳ እንዲሠሩ ታዝዘው ነበር። ምሰሶው፣ ሣሩ፣ መዝጊያው በጀርባና በአህያ ይጓጓዛል። ካሴቶቹ ተለወጡ። የወገብ ሕመም፣ በእንጨት የተወጋ እግር፣ በብርድ የተያዘ ደረት በዛ። የሐኪሙ ድምፅም ዝግ አለ። ስለ ሕመምተኞቹ ቃል «ይኼ ለእኔ ነው» ሲል ቴፑን ወደ አፉ የሚያስጠጋ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጉም የበዛበት ጠዋት ከመስኮቴ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አየሁ። ከጢቾ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ባል የሞተባቸው የአርሲ ሴት ናቸው። ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ወረቀታቸውን ሲጠብቁ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር፤ ሁለተኛውን ቀን የጻፍኩትን ጋሼ በ«ጆሮ» እና በ«ጀሮ» ምክንያት መለሱት። አሮጊቷ አልተቆጡም። ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ሩቅ ያለ ነገር የሚያዳምጡ መስለው ጉሙን ያያሉ።

ካሴቱን ዳግመኛ አስነሣሁ። ሐኪሙ እንዲህ አለ፦ «የግራ ጆሮ ሕመም አላት። ማዞር አለ። ከባድ ዕቃ መሸከም አትችልም። ለሁለት ወር ከጉልበት ሥራ ነጻ ትሁን።» ከዚያ ድሬሰሩ ከጀርባው በኦሮምኛ ሲጠይቅ፣ አሮጊቷ ረጅም ነገር ሲናገሩ ይሰማል። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ኦሮምኛውን ከገበያ ነው የተማርኩት፤ ትርጉም ሳልጠብቅ ገባኝ። ሐኪሙ በአማርኛ ደገመው፦ «ቤቴን በግድ ካስነቀሉኝ ቀን ጀምሮ የድሮው መዝጊያዬ ጆሮዬ ውስጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰው እንደ ገባ፣ ሰው እንደ ወጣ። ወደ ቦታዬ ካልተመለስኩ መድኃኒት አይሆነኝም።» ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ «ይኼ ለእኔ ነው» አለ።

ጻፍኩ። ሐመሩ ሐ፣ አሥራ ሁለት ቃል፣ ከግራ በማስመሪያ የተለካ ባዶ። ፊርማው ከሚያርፍበት ሥር በየደብዳቤው የሚገባውን መፈክር ጻፍኩ። ከመፈክሩ በታች አራት ጣት የሚሆን ባዶ ወረቀት ቀረ። ቀና ስል አሮጊቷ ከመስኮቱ ማዶ በጉሙ ውስጥ አሉ፤ የምጽፈውን ሁሉ የሚሰሙ መሰለኝ። ወረቀታቸው የእርሳቸው ምንም የሌለበት ሆኖ ተራራ ሊወጣ ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ እጄ ብቻዋን ሄዳ ማንሻዋን ነጩ ነጥብ ላይ አደረገችው። ከመፈክሩ ሥር፣ በባዶው ላይ፣ መዝጊያቸውን ጻፍኩላቸው፤ «በግድ» የሚለውንም፣ «ወደ ቦታዬ» የሚለውንም። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ማንም የማያየው ቃላቸው አብሯቸው ይሄዳል ብዬ ደስ አለኝ።

ሐኪሙ ፈረመ። ጋሼ ዋናውን በማስመሪያ ለክተው፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ማኅተሙን በሦስቱም ላይ መቱ። ዋናው ለገበሬ ማኅበሩ፣ አንዱ ግልባጭ ጢቾ ላለው የመንደር ምሥረታ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ግልባጭ ለእኛ ፋይል። ሁለቱ ፖስታዎች ለአሮጊቷ ተሰጡ። አሮጊቷ ጋሼን ግራና ቀኝ መርቀው ወደ አውቶቡስ ተራው ሄዱ።

እኔ ሌላ ካሴት ጀምሬያለሁ። ከትከሻዬ በላይ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። ማዳመጫውን ሳወልቅ ጋሼ የፋይሉን ግልባጭ ይዘው ቆመዋል። 

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

አየሁት። ከመፈክሩ ሥር፣ በካርቦን ሰማያዊ፣ ፊደል በፊደል፣ ጥርት ብሎ፦ «ቤቴን በግድ ካስነቀሉኝ ቀን ጀምሮ...»

በወረቀቶቹ መካከል የሚገባውን ካርቦን ረስቼዋለሁ። ሪባኑ ቢወርድም የፊደሉ ምት ከዋናው ወረቀት አልፎ ካርቦኑን መትቶታል። ዋናው ላይ የማይታየው ሁሉ ቅጂዎቹ ላይ ታትሟል።

«ጢቾ የሚሄደው ላይስ?» አሉኝ።

 «እሱም ላይ አለ፣ ጋሼ።»

አልተቆጡም። ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉ። «ነጠላሽን ያዥ» አሉኝ።

ከሆስፒታሉ እስከ አውቶቡስ ተራው ያለውን መንገድ ያን ያህል ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም። ጉሙ እስከ ጉልበታችን ወርዷል። ከፊታችን ጋሪ ይመጣል፤ መጀመሪያ የፈረሱ ቃጭል፣ ከዚያ የፈረሱ ጭንቅላት፣ ከዚያ ጋሪው። ጋሼ ረጅም እግራቸውን እየወረወሩ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አውቶቡሱ አይሙላ። ሁላችንም እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

የጢቾው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። አሮጊቷ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ፖስታዎች ደረታቸው ላይ፣ በሻሻቸው ጫፍ ተጠቅልለው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔ ላስተረጉም ተከተልኳቸው። ማስተርጎም አላስፈለገም።

«አዮ» አሏቸው፤ እናቴ እንደማለት ነው። ከዚያ በጥሩ፣ በለሰለሰ የአርሲ ኦሮምኛ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ ሰላምታውን አንድ በአንድ አደረሱ። ባለሁበት ቀረሁ። አንዲት የኦሮምኛ ቃል ወረቀት ላይ ካየ ቀይ እርሳሱን የሚመዝ ሰው፣ ቋንቋው አፉ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

«ከወረቀትዎ አንዱ ላይ ስሕተት ገብቷል፤ ላስተካክለው» አሉ።

አሮጊቷ ፖስታዎቹን ጠበቅ አደረጓቸው። «ሦስት ቀን ነው የተቀመጥኩት። አልሰጥህም።»

«አልወስድብዎትም። እዚሁ፣ ዓይንዎ እያየ።»

«ከሰጠሁህ ነገ ና ትለኛለህ።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ጋሼ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሚጣደፍ ሰው አይመስሉም። ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው፣ ወደ ደህናው ጆሮ፣ ያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቃል በኦሮምኛ ሹክ አሏቸው። ስለ መዝጊያው፣ ስለ ሲጥታው፣ ስለ ቦታቸው። የአሮጊቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ይኼን እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ። «ለሐኪሙ ነው ያልኩት።»

«አዎ፣ አዮ። ለሐኪሙ ነው። ጢቾ ላለው ጽሕፈት ቤት ግን አይደለም።»

 ከዚያ አሮጊቷ ሻሻቸውን ፈቱና ፖስታዎቹን ሰጧቸው።

ጋሼ ግልባጩን አወጡ። ማስመሪያቸውን ከመፈክሩ ሥር አደረጉ፤ መፈክሩ ከተነካ ሌላ ጣጣ ነው፣ ከቃሉ አንዲት ፊደል ከቀረች ደግሞ ዋናው ጣጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ገብስ ቅንጣት ያህል ነበር። ሲቀዱት አውቶቡሱ ነቅነቅ አለና ወረቀቱ ተንጋደደ። ለግማሽ ጣት ስሕተት ሦስት ገጽ የሚያስጽፉኝ ሰው፣ ጫፉ እንደ ተጋጠ ቅጠል የተዘነጣጠለ ወረቀት አጥፈው ፖስታው ውስጥ ከተቱና መልሰው ሰጧቸው። የተቀደደውን ቁራጭ ኪሳቸው አደረጉ። ስንወርድ አሮጊቷ በመስኮት ብቅ ብለው እኔን አዩኝ።

«የጻፈችው እሷ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እሷ ናት» አሉ ጋሼ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውግዘት ይሁን ምርቃት አልለየሁትም። አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ስንመለስ ቀስ ብለን ነው የሄድነው። እኔ አሁን ከሥራ እባረራለሁ፣ ወይም የባሰ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ጋሼ ግን ከአንድ የባሕር ዛፍ አጥር አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

«እኔም ታይፒስት ነበርኩ» አሉ። «በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ። አንድ መምህር ሳምባውን ታሞ መጣ። ሐኪሙ የነገረኝን ጻፍኩ። ‹ሕመምተኛው እንደገለጸው፣ ሦስት ሳምንት ጫካ ውስጥ ስላደረ ብርድ መትቶታል።› ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ግድፈት የለበትም። ግልባጩ ሄደ።»

ከአጥሩ አንድ ቅጠል ቀጥፈው በጣቶቻቸው አጠፉት።

«ለመድኃኒቱ በሳምንቱ ቀጠሮ ነበረው» አሉ። «አልመጣም።»

ጉሙ ከቅጠሎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። «እንደ» ለምን እንደ ተከለከለ ያኔ ገባኝ። ቃሏን ራሷን አልነበረም የሚፈሯት፤ ከኋላዋ የምታስከትለውን፣ «እንደገለጸው»ን ነበር። ግን አንድ ጊዜ ሲዘጉ በሩን በሙሉ ዘጉት፤ «እንደገና» እንኳ እንዳያልፍ።

እንዲያ እየፈራሁም ቢሆን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ፈለግሁ። «የሐመሩ ሐስ፣ ጋሼ? እሱስ ማንን ያድናል?»

ዞር ብለው አዩኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እሱማ ማንንም አያድንም» አሉ። «እሱ ትክክል ስለሆነ ነው።»

በማግስቱ ስገባ ግድግዳው ላይ አዲስ ደንብ ተጽፏል፦ ቅጂዎች ሁሉ ከዋናው እኩል ይነበባሉ። ስለ እኔም፣ ስለ ማንሻዋም የተጻፈ ነገር የለም። የፋይሉን ግልባጭ ዳግመኛ ጽፌ ተካሁት። የቀድሞውን ጋሼ ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኳቸውም።

ለውጥ የመጣው እኔ ላይ ነበር። ደንቡን እንደ ቀድሞው መጥላት አቃተኝ፤ መውደድም አልቻልኩም። ማስረጃ በጻፍኩ ቁጥር እያንዳንዷን አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለሰውዬው የሚከለልበት ግድግዳ ትሆነው ይሆን ወይስ ታፍነው ይሆን እያልኩ ማየት ጀመርኩ። ለአንዳንዱ ግድግዳ ነበረች። ሮቤ ላለ አንድ የተሰበረ እጅ ግን «ሕመም አለ» የሚለው ብቻ በቂ ሳይሆን ቀርቶ፣ ሰውዬው ወደ ሥራ እንደ ተመለሰና እጁ ተጣሞ እንደ ቀረ ሰማሁ። ለጋሼ ነገርኳቸው። ቀዩን እርሳስ እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። «ሐኪሙ ያገኘውን በሙሉ ጻፊ» አሉ በመጨረሻ። «አሥራ ሁለት ቃል ካልበቃሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጊው።» ከእርሳቸው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

አሮጊቷ ከሁለት ወር በኋላ ለጆሯቸው ተመልሰው መጡ። ገበሬ ማኅበሩ ወረቀቱን ተቀብሎላቸው ከሸክም ሥራ ነጻ ሆነዋል፤ የተንጋደደውን ጫፍ ማንም አልጠየቀም። ሲጥታው ግን አልተዋቸውም። በትንሽ ቅል ጩኮ ይዘውልን መጥተው ነበር፤ ገብሱ በቅቤ የታሸ፣ ሽታው ክፍሉን የሞላ። ምግብ ወረቀት አጠገብ መቅረብ በደንብ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሦስታችን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በፀሐይ በላን። ጋሼና እርሳቸው በኦሮምኛ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ዘንድሮ ጭላሎ ላይ በረዶ ቀድሞ ጥሏል ይባባላሉ። እኔ መሃል ሆኜ ከግራም ከቀኝም እየሰማሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቶቼን ሳልቆጥር ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ በዓመቱ ተዛወረ። ጋሼ ቀጥለው ጡረታ ወጡና ጉልበታቸው ብርድ አልችል ስላለ ዴራ፣ ልጃቸው ጋ ወረዱ። አዲሱ ኃላፊ ግድግዳውን አስቀብቶ ሥራውን ሁሉ ለእኔ ተወልኝ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

አንድ የበጋ ቀን ወደ ናዝሬት ስሄድ ዴራ ላይ ወርጄ ጠየቅኳቸው። ሙቀቱ ከአሰላ ለመጣ ሰው ያዞራል። ጋሼ ሹራባቸውን አውልቀዋል፤ ያለ እሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ክንዳቸው እንዲያ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር። ግራር ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ፍየሎቻቸውን ያያሉ። ፓፓያ ቆርጠው ሰጡኝ። ስለ ሥራ አንድም አላነሣንም። የጎረቤት ሰዎች በኦሮምኛ ሰላም እያሏቸው ያልፋሉ፤ እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመልሳሉ። አንዲት ፍየል መጥታ የፓፓያውን ልጣጭ ከእጄ ወሰደች። ስትበላ እያየናት፣ ፀሐይ እስክታዘቅዝቅ ድረስ ተቀመጥን።